አስረክበው ይሂዱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥሬ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምጽፍላችሁ በየስብሰባውና በየሬዲዮው ስለሚነሳው የሕዝብ አመኔታ ነው። «ሕዝቡ በእኛ ላይ ያለው እምነት ተሸርሽሯል፤ መልሰን መገንባት አለብን» ይባላል። ለዚህም መድረክ ይዘጋጃል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ ባነር ይሰቀላል። ተሰብሳቢው ብሶቱን ይናገራል፣ ከመድረኩ ላይ ማስታወሻ ይያዛል፣ «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው» ተብሎ ይበተናል። በዓመቱ ሌላ ሰው እዚያው መድረክ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይሰማል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ሕዝብን «እመኑን» ብሎ መለመን የሹም ሥራ አይደለም። የሹም ሥራ ከወንበሩ ሲነሳ የሰበሰበውን ገንዘብ፣ የገባውን ቃል፣ የጀመረውንና ያልጨረሰውን ሥራ በሕዝብ ፊት ቆጥሮ ለተተኪው ማስረከብ ነው። ማንን እንደሚያምን ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ራሱ ያውቃል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የትውልድ ቀበሌዬ ጉዳይ ነው። የቀበሌውንም የወረዳውንም ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። እዚያ መንደሩን ከትምህርት ቤቱ የሚለይ ወንዝ አለ። በበጋ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገሩታል። ሰኔ ሲገባ ግን ልክ በፈተና ሰሞን ይሞላል፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈትም ገና አይጎድልም። ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዝለው ሲያሻግሩ ማየት ያስጨንቃል። ታዲያ የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ይሠራል ተባለና ሕዝቡ አዋጣ። ብር ያለው ብር ሰጠ፤ የሌለው ድንጋይ ፈለጠ፣ አሸዋ በአህያ አጋዘ። ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቴ ለፋሲካ ገበያ ያደለበችውን ሙክት ሸጣ ድርሻዋን ከፈለች።

ደረሰኟን በመሬት ደብተሯ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ስሄድ አሳየችኝ። ስሟ አለ፣ የብሩ መጠን በአኃዝም በፊደልም አለ፣ ማኅተምም አለ። «የተከፈለበት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው ግን «የልማት መዋጮ» የሚል ብቻ ነው። ድልድይ አይል፣ የወንዙን ስም አይል። ዕድሜዬን በሰነድ ውስጥ ስላሳለፍኩ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ያ ገንዘብ ለአዳራሽ ቀለም ቢውል፣ ለእንግዳ መስተንግዶ ቢውል፣ ከደረሰኙ ጋር የሚጋጭ ነገር አይኖርም። እህቴ ገንዘቧን ብትጠይቅ «ለልማት ውሏል» ቢሏት የምትመልሰው የላትም።

መዋጮውን ያስተባበረው ኃላፊ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ድንጋዩ ወንዙ ዳር እንደተከመረ ቀረ። አዲሱ ሲመጣ ሽማግሌዎች ሄደው ጠየቁት። በትሕትና ነው የመለሰላቸው፦ «አባቶቼ፣ እኔ የተረከብኩት ነገር የለም።» ከእሱ በኋላ የመጣውም ይህንኑ አለ። ሁለቱንም ውሸታም አልላቸውም። ሳይረከቡ ቀርተው ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህን መልስ መስጠት የሚቻል መሆኑ ነው። የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሳይቆጠር ማለፍ መቻሉ፣ ይህም እንደ ጥፋት አለመታየቱ ነው።

እስቲ ከዚህ ጋር የአንድ ተራ ሠራተኛን ነገር አስተያዩት። በመንግሥት ቤት ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ገና ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 በሚባሉት ቅጾች ላይ ይፈርማል። በጀት ሲዘጋ ቆጠራ አለ። ሊለቅ ሲል ደግሞ ክሊራንስ ሳይጨርስ የመጨረሻ ደመወዙ አይከፈለውም። ዘበኛው ፈረቃ ሲለውጥ የእጅ ባትሪውን ሳይቀር ያስረክባል። በዋጋ ከሚተመን ዕቃ በላይ ብዙ ነገር በእጁ ያለው ሰው ግን፣ የሕዝብ ተስፋ በእጁ ያለው ሰው፣ ሻንጣውን ይዞ መኪና ይሳፈራል።

ርክክብ ሰውን ማዋረድ ነው የሚሉ አሉና የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ግምጃ ቤቱን የተረከብኩት ሁላችንም «አያ» እያልን ከምንጠራቸው አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ቆጠራው ላይ እሳቸው፣ እኔና ከሒሳብ ክፍል የተመደበ ታዛቢ ነበርን። ከወረቀት ካርቶን እስከ መኪና ጎማ ቆጠርን። ወደ ማምሻው ላይ ታዛቢው ሰለቸውና «የቀረው በዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ይያዝ፤ እኒህን ሰው ማን ይጠረጥራል?» አለ። አያ ተቆጡ። «ትቁጠር እንጂ!» አሉት፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ልጄ፣ ሳትቆጥሪ ፈርመሽ ብትወስጂ ነገ የጎደለ ለታ አንቺ እኔን ትጠረጥሪያለሽ፣ እኔም አንቺን። ቁጠሪና ሁለታችንም እንረፍ» አሉኝ። ቆጠርን። አካፋ በካርዱ ላይ 40፣ መደርደሪያው ሥር 37 ሆነ። ሦስቱን ለጥገና ሠራተኞች በቃል ሰጥተዋቸው ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ቀርቶ ኖሯል። ጉድለቱ በቃለ ጉባኤው ላይ በስማቸው ተጻፈ፤ አንድም ቃል ሳይመልሱ ፈረሙ፤ ዋጋውንም ከፈሉ። ዛሬ ስለ እሳቸው ታማኝነት ማንም ቢጠይቀኝ በሙሉ አፌ የምመሰክረው ያን ማምሻ ስላየሁ ነው። ጉድለት ያልተገኘበትን ሰው ሳይሆን፣ ጉድለቱን በፊርማው ያረጋገጠውን ሰው ነው ያመንኩት።

ሹሞቻችን አይጠየቁም ማለቴ አይደለም። ይጠየቃሉ፤ ግን ወደ ላይ ነው። የወር፣ የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ለዞን፣ ከዞን ለክልል ይላካል። «የሕዝብ ተሳትፎ» በሚለው ዓምድ ሥር ገበሬው የፈለጠው ድንጋይና ያጋዘው አሸዋ ሳይቀር በብር ይተመናል። ያ ወንዝ ዳር የተከመረው ድንጋይም ተተምኖ አንድ ሪፖርት ውስጥ እንደ ክንውን ሳይገባ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ድንጋዩን የፈለጡት ሰዎች ግን ያን ሪፖርት አላዩትም። ግምገማም አለ። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይገማገማሉ፤ ከዚያ «ተገምግሞ ተነሳ» የሚል ወሬ እንሰማለን። ምን ሠርቶ ነው? አይነገረንም። ጥፋተኛ ከሆነ እንዴት ሌላ ወረዳ ላይ ተሾመ? ንጹሕ ከሆነስ ስሙ ለምን በየቡና ቤቱ ይነሳል? ግምገማው እኛንም ሰውየውንም ነው የሚበድለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት እስከ ዛሬ በአፋችን ላይ የቆየው ሲሻር የሚቆጥረው ስለሌለ ነው።

የወንድሜ ልጅ ፍልስፍና ያጠና ነው። ይህን ሳነሳበት ኦኖራ ኦኒል የምትባል ፈላስፋ በ1994 ዓ.ም. በቢቢሲ ሬዲዮ ባቀረበቻቸው ተከታታይ ንግግሮች የሚቀራረብ ነገር ማንሳቷን ነገረኝ። እሷ እንደምትለው እምነት ይብዛ ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አታላይን የሚያምን ቢበዛ የሚጠቀመው አታላዩ ነውና። የሚያስፈልገው የሚታመነውን ከማይታመነው ለይቶ ማመን ነው። ሁለተኛው ነገሯ ይበልጥ ገረመኝ። በአገሯ በብሪታንያ ተጠያቂነት ይጠንክር ተብሎ ቅጹና ቁጥጥሩ ሲበዛ፣ ሐኪሙና መምህሩ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መልስ ሲሰጡ እየዋሉ፣ መልስ ሊሰጡት የሚገባውን በሽተኛና ተማሪ ረሱት ትላለች። ይህን ስሰማ የእኛ ወረዳዎች ታዩኝ። ስለዚህ ሌላ ቅጽ ይጨመር አልልም። ያለው ወረቀት ፊቱን ያዙር ነው የምለው፦ ወደ ከፋዩ።

በጎጃም ይህ ጉዳይ ቀላል ታሪክ የለውም። አባቴ በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ሲያወራ ነው ያደግኩት። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣና ገማቾች ወደየአገሩ ተላኩ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገበሬው ገማች አላስገባም አለ። አባቴ እንደሚሉት የጎጃም ገበሬ ግብር ጠል ሆኖ አይደለም፤ የመሬት ግብሩን ሲከፍል ኖሯል። ከግምቱ ኋላ ቀላድ ይመጣል፣ ርስታችን ይለካና ይወሰዳል ብሎ ነው የፈራው። «የገቢ ግብር ብቻ ነው» ቢሉት አላመነም፤ እንዲያምን የሚያደርግ ነገር ከዚያ በፊት አላየማ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ደበደበ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ የግብሩ ውዝፍም ተማረ። «ሰውየውን አነሱልን፤ ከዚያ በፊት የከፈልነው የት እንደገባ ግን የነገረን የለም» ይሉ ነበር አባቴ። ሹም ማንሳት ሒሳብ ማወራረድ ተደርጎ የሚቆጠረው እንግዲህ ያኔም ነበር።

የተሻለም አይተናል፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ እውነቱ ይጎድላል። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜ አንዳንዱ «ቢሮክራት» ሌላው «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባለ መሬቱ ሲቀነስ ብዙ ቤት ቂም ገብቷል። እንግዲህ በ1990ዎቹ አጋማሽ «መሬታችሁን መዝግበን ደብተር እንሰጣችኋለን» ሲባል ማን ያምናል? አብዛኛው ሰው ሌላ ሽግሽግ ሊመጣ ነው ብሎ ነበር። ነገሩን የለወጠው አሠራሩ ነው። የመሬት አስተዳደር ኮሚቴው ከዚያው ከቀበሌው ሰው ተመረጠ። ድንበር ሲለይ አዋሳኞቹ ማሳው ላይ ቆመው «እስከዚህ የእሱ ነው» አሉ። የሚከራከር እዚያው ተከራከረ። በመጨረሻ ባልና ሚስት ሁለቱም ፎቷቸው ያለበት ደብተር በእጃቸው ገባ። እህቴ ባሏ ሲሞት ከመሬቷ ያልተነቀለችው በዚያ ፎቶ ነው። ደብተሩ ሁሉን ችግር ፈታ አልልም፤ ዛሬም በመሬት ጉቦ የሚበላ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያ የድንበር ልየታ በጎረቤት ፊት ስለተደረገ ሰው አመነው። በቢሮ ውስጥ ተሠርቶ ቢመጣ ኖሮ እንደ 1960ው ይሆን ነበር።

ሌላው እንቅፋታችን ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰውን «የት አደረስከው?» ብሎ መጠየቅ ይከብደናል። ይህን ግን ራሳችን የፈታንበት ቦታ አለ። በሰፈራችን የሴቶች እድር ከለቅሶ ቤት ዕቃ ሲመለስ ባለቤቶቹ ባሉበት ይቆጠራል፦ ሰሃኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ጀሪካኑ። ሐዘን ላይ ያለች እናት እንኳ «ምነው ተጠረጠርኩ» ብላ አታውቅም፤ ለሁሉም የሚደረግ መሆኑን ታውቃለችና። ሰብሳቢዋ ስትለወጥም እንዲሁ ነው፤ የባንክ ደብተሩ ይነበባል፣ ያልከፈሉት ስማቸው ይነበባል፣ የተሰበረው ወንበር ሳይቀር ይነገራል። ጥያቄ የሚያስቀይመው ሰው ተመርጦ ሲጠየቅ ነው። ደንብ ሆኖ ሁሉም ከተጠየቀ ይሉኝታው ይቀራል። ስለዚህ ርክክቡ ሕዝብ ሲቆጣ ወይም ሹሙ ሲጠላ የሚደረግ መሆን የለበትም። የተወደደውም፣ ዕድገት አግኝቶ የሚሄደውም ያስረክብ።

ሕጉ የለም እንዳይባል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 አለ። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ይህ ከወጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በእኔ አካባቢ ሕዝብ የመረጠውን ሰው በዚህ አንቀጽ ሲያነሳ አላየሁም። አይገርመኝም። ሰውየው ምን ተረክቦ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ በምን ላይ ተመሥርቶ ያነሳዋል? የመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። መብቱ ጥሩ ነው። ግን እህቴን የመሰለች ሴት ማመልከቻ አስጽፋ፣ ትራንስፖርት ከፍላ፣ «ነገ ተመለሺ» እየተባለች እስክታገኘው መጠበቅ አለባት? ሳትጠይቅ ሊነገራት ይገባል።

ታዲያ ምን ዓይነት ርክክብ ነው የምለው? አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ሁለት ገጽ ቢሆን ችግር የለውም። በተራ አማርኛ ይጻፍ፤ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» የሚለው ቋንቋ ይቅር። ከሕዝብ ምን ያህል ብር ተሰበሰበ፣ ለምን ተብሎ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ የቀረው በየትኛው ሒሳብ ውስጥ ነው? በስብሰባ ላይ የተገቡ ቃሎች የትኞቹ ናቸው፣ የትኞቹ ተፈጸሙ፣ ያልተፈጸሙት ለምን? ይህ በቀበሌው ስብሰባ ላይ በንባብ ይሰማ። ሕዝቡ «ይህ ቀርቷል» ካለ እዚያው ይጨመር። የሚሄደውና የሚመጣው ጎን ለጎን ቆመው ይፈርሙ፤ ቅጂው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በሕዝብ የተመረጡ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ፤ አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ መዋጮ የሚወጣው ከእሷ ጓዳ ነውና። ያልተረከበ ሹም ሥራ አይጀምር። ያላስረከበም አዲሱ ቦታ ላይ ደመወዝ አይከፈለው፤ ለዘበኛው የሠራ ደንብ ለእሱ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

«የአስተዳደር ሥራ እንደ አካፋ አይቆጠርም» የሚሉኝ ይኖራሉ። የማይቆጠር ነገር እንዳለ አምናለሁ። ሹሙ ደሃን አክብሮ ማነጋገሩ፣ ለዘመዱ አለማድላቱ በወረቀት አይያዝም። እሱን ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል። ግን የድልድይ ገንዘብ ይቆጠራል። የተገባ ቃልም ይቆጠራል፤ ቃሉን የሰማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የማይቆጠረው ነገር ለሚቆጠረው መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም።

ጊዜው ከባድ ነው የሚለውንም እሰማለሁ። እውነት ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ቢሮ ተዘግቶ፣ ሰው ለነፍሱ በሚሳሳበት ሰዓት ስለ ሰነድ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለእኔ ግን ተቃራኒው ነው። የእህቴ ገንዘብ የተሰበሰበው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አገር ደህና በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ቢቆጠር ኖሮ ዛሬ ሰው ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር ሲገናኝ ዓይኑን ባላዞረ። አሁን ሥራ ላይ ያሉትም ቢሆኑ ዛሬ የሚሰበስቡትን ዛሬ ይጻፉ።

በእኛ ቀበሌ ሽማግሌዎቹ ለወረዳው በጽሑፍ ጥያቄ ሊያቀርቡ ተስማምተዋል። ማመልከቻውን እኔ ጽፌላቸዋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ለድልድዩ የተሰበሰበው ገንዘብ ጠቅላላ ድምር፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደገባ፣ እና አሁን ያለው ቀሪ። የከፋዮቹ ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል፤ የእህቴም አለበት። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋ መልስ እንዲሰጠን ጠይቀናል። መልሱ ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቅጂውን ለዝግጅት ክፍላችሁ እልካለሁ። እናንተም ታወጡልኝ ዘንድ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጡረተኛ የንብረት ክፍል ሠራተኛ (ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም